የጣና ኪራይ

በኦሪት ዘፍጥረት የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ ይከብባል ተብሎ የተጻፈው ግዮን ዓባይ መሆኑ በሀገራችን ሊቃውንት ዘንድ ሲነገር የኖረ ነውና፣ ለግብፅም ሕዝብ ይኸው ወንዝ የዕለት እንጀራው ስለ ሆነ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ስለ ውኃው የተደረገው ንግግር ከመሐንዲሶች ዘመን አስቀድሞ በጳጳሳትና በነገሥታት ዘመን ተጀምሯል። ጊዮርጊስ አል መኪን የተባለው የግብፅ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ፣ በፋጢማዊው ኸሊፋ በአል ሙስተንሲር ዘመን ወንዙ ሙላቱን ባጎደለ ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አባ ሚካኤል እጅ መንሻ ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ እንደ ተላኩና ንጉሡም ውኃውን እንዳስለቀቁላቸው ጽፎ አቆይቷል። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽም ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለግብፁ ሱልጣን ለጀቅመቅ በላኩት ደብዳቤ፣ ወንዙን መከልከል እንደሚቻላቸው፣ ነገር ግን እግዚአብሔርን ስለ መፍራትና ለሰው ልጅ ስለ ማዘን እንደ ተዉት ገልጸዋል። በዚያን ጊዜ በነበረው ጥበብ ዓባይን ማቆም ለማንም የሚቻል ባይሆንም፣ የሁለቱ ወገኖች እምነት ግን የራሱን ሥራ ሠርቷል፤ በአንድ ወገን ውኃው፣ በሌላው ወገን ከእስክንድርያ የሚመጣው ጳጳስና የግብፅ ክርስቲያኖች ደኅንነት፣ በአንድ ሚዛን ተቀምጠው ነበርና።

ይህ የቀድሞው ሚዛን የተለወጠው በጥጥ ምክንያት ነው። የግብፅ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በክረምት የሚመጣውን ሙላት በማሳው ላይ አሳርፎ፣ ውኃው ሲሸሽ ዘሩን ዘርቶ፣ በዓመት አንድ ምርት ይሰበስብ ነበር፤ የአገሩ ገዥ መሐመድ ዓሊ ፓሻ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ረጅም ጭረት ያለውን ጥጥ ካስፋፋ ወዲህ ግን ወንዙ እጅግ በሚጎድልበት በበጋ ወራት ውኃ ማግኘት ግድ ሆነ። ስለዚህም የአንድ ወንዝ ውኃ እንደ ወራቱ ዋጋው የተለያየ ሆነ፤ በነሐሴ ወደ ባሕር የሚፈሰው ከንቱ ሲሆን፣ በሚያዝያ የሚገኘው ግን ወርቅ ነው። እህል በመከር ጊዜ ረክሶ በክረምት ሲወደድ ትርፉ ለባለ ጎተራው እንደሚሆን ሁሉ፣ በዓባይም ንግድ ውስጥ የሚፈለገው ነገር ውኃውን ከጥጋቡ ወር ወደ ረኃቡ ወር የሚያሻግረው ማጠራቀሚያ ሆነ። እንግሊዞችም በ1874 ዓ.ም. ግብፅን ከያዙ በኋላ ይህን በመረዳት በአስዋን ላይ አንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዝ ግድብ ሠርተው በ1895 ዓ.ም. ፈጸሙ፤ ከዚያ የሚበልጥ ማጠራቀሚያ ሲፈልጉም ዓይናቸው ወደ ጣና ሐይቅ ዞረ።

የአስዋን ግድብ ከመመረቁ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን በአዲስ አበባ የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ውል ተፈራረሙ። የውሉ ሦስተኛ አንቀጽ፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር አስቀድሞ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅ ወይም በሶባት ላይ ውኃው ወደ ነጭ ዓባይ እንዳይወርድ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ፣ ሌላም እንዳያሠሩ የሚያስገድድ ነበር። ይህን አንቀጽ በነጋዴ ዓይን ለተመለከተው አንድ ነገር ጎድሎበታል፤ ለአንድ ወገን የመከልከል መብት ሲሰጥ ለሌላው ወገን የሚከፈል ዋጋ አልተጻፈበትምና። በዚያው ወራት ዱፑይ የተባለው መሐንዲስ ወደ ጣና ወጥቶ ሐይቁን መረመረ፤ ሪፖርቱም የግብፅን የውኃ ሥራ ይመራ ከነበረው ከሰር ዊሊያም ጋርስቲን ታላቅ ጽሑፍ ጋር እ.ኤ.አ. በ1904 ታተመ።

መሐንዲሶቹን ያስጎመጃቸው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ረቂቅ ሒሳብ አያስፈልግም። የጣና ሐይቅ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ዓባይ በሚወጣበት አፍ ላይ ዝቅተኛ ግድብ ሠርቶ ሐይቁን አንድ ሜትር ብቻ ከፍ ማድረግ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ማኖር ነው፤ ይህም በአስዋን መጀመሪያ ከተጠራቀመው ሦስት እጥፍ ነው። ከዚህም ሌላ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋማ ስፍራ የሚገኝና በተፈጥሮ የተዘረጋ በመሆኑ፣ ከፍታው ቢጨመር ለፀሐይ የሚገለጠው ገጽ ብዙ አይሰፋም፤ በኑብያ በረሓ ላይ አዲስ ባሕር ቢሠራ ግን ውኃው በትነት ያልቃል። ምንም እንኳ ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ ከጠቅላላው የዓባይ ፈሳሽ ከአሥር አንድ እጅ ባይሞላ፣ የጣና ክብር በጊዜ ላይ ባለው ሥልጣን ነበረ። በሌላው ወገን ደግሞ በሐይቁ ዳርቻ የሚያርሰው ገበሬ፣ በደሴቶቹም ላይ ያሉት እነ ዳጋ እስጢፋኖስና እነ ክብራን ገብርኤል፣ ከፍ ያለው ውኃ የሚደርስባቸው ነበሩና፣ ለዚህ ጉዳት የሚቆረጠው ካሣ ከኪራዩ ጋር ሊታሰብ የሚገባው ነበር።

የውኃው ሸማች ፍላጎት እየበረታ የሄደው በሱዳን ነው። በነጭ ዓባይና በጥቁር ዓባይ መካከል ያለውን የገዚራን ሜዳ በእንግሊዝ አገር ያሉት የላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች የተመኙት ስለ ነበር፣ የለንደን መንግሥት ለብድሩ ዋስ ሆኖ በሰናር ላይ ግድብ አሠራ፤ ሥራውም በ1917 ዓ.ም. ተፈጸመ። በዚያ እርሻ የተደነገገው የትርፍ ክፍያ ጥንቃቄው የሚያስደንቅ ነው፤ ከጥጡ ሽያጭ 40 በመቶው ለአራሹ፣ 35 በመቶው ለሱዳን መንግሥት፣ 25 በመቶው እርሻውን ለሚያስተዳድረው ኩባንያ ሲመደብ፣ መሬቱም፣ ጉልበቱም፣ ገንዘቡም እያንዳንዱ ድርሻውን አግኝቷል። ጥጡን የሚያበቅለው ውኃ ከሚመነጭበት ተራራ ግን በዚያ መዝገብ ላይ የተጻፈ አንድም ባለ ድርሻ አልነበረም።

ግድቡ ሊፈጸም ሲቃረብ፣ በኅዳር ወር 1917 ዓ.ም.፣ የሱዳን ጠቅላይ ገዢ ሰር ሊ ስታክ በካይሮ ከተማ በጥይት ተመትተው ሞቱ። በግብፅ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሎርድ አለንቢ በዚህ ተቆጥተው ለግብፅ መንግሥት በሰጡት የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ፣ ከካሣው ገንዘብና ከሌላው ቅጣት ጋር፣ 300,000 ፈዳን መሬት ተብሎ ተወስኖ የነበረው የገዚራ መስኖ ከእንግዲህ ወዲህ ያለ ገደብ እንዲሰፋ አዘዙ። ለግብፅ ሕዝብ ይህ ቃል ከጥይት የማይተናነስ ነበር፤ በላይኛው አገር የተቀመጠ ኃያል ውኃውን እንደ መቅጫ በትር ሊያነሣው እንደሚችል በግልጥ ታይቷልና። እንግሊዞችም ግብፅን ሳያስቀይሙ ሱዳንን የሚያጠግብ አዲስ ውኃ ከየት እንደሚገኝ ሲያስቡ እንደ ገና ወደ ጣና ተመለሱ።

ኢትዮጵያ ግን በዚህ መካከል በ1916 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ገብታ ነበር። ይህ ሆኖ ሳለ በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. በሮማ የእንግሊዝ አምባሳደር የነበሩት ሰር ሮናልድ ግራሃምና ሙሶሊኒ ደብዳቤ ተለዋውጠው፣ እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብና ከሱዳን ወደ ሐይቁ የሚመጣ የመኪና መንገድ ለመሥራት ፈቃድ እንድታገኝ ኢጣልያ ልትረዳ፣ ኢጣልያም ኤርትራን ከሶማልያ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ለመዘርጋት እንድትችል እንግሊዝ ልትረዳ ተስማሙ። ባለቤቱ ሳይጠራ በቤቱ የተዋዋሉትን አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በሰኔ 12 ቀን 1918 ዓ.ም. ለማኅበሩ በጻፉት የተቃውሞ ቃል ገለጧቸው፤ ሁለቱ መንግሥታትም ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ እንደሌላቸው ለማስረዳት ተገደዱ። ከዚህም የተገኘው ጥቅም ከክብር ያለፈ ነው፤ የጣና ዋጋ ከባለ ሐይቁ ጋር ካልሆነ በቀር ከማንም ጋር ሊቆረጥ እንደማይችል በአደባባይ ታውቋልና።

በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ አልጋ ወራሽ ያደረጉት ሌላው ሥራ የበለጠ ብልኃት ያለበት ነው። በጎንደር ተወልደው፣ በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ህንድ ተወስደው፣ በዚያም ሕክምና ተምረው የተመለሱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ወደ ኒው ዮርክ ተልከው፣ ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለው የአሜሪካ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ነገሩ በኅዳር ወር በጋዜጣ በተገለጠ ጊዜ በለንደንም በካይሮም ሁካታ ሆነ፤ የ1894ቱ ውል ፈረሰ ያሉም ነበሩ። ነገር ግን ውሉ ያለ ስምምነት ውኃውን ማገድን ከለከለ እንጂ፣ ስምምነት ሲደረግ ግድቡን የሚሠራው ማን እንደ ሆነ፣ ኪራዩንም የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ አልተናገረም። የኢትዮጵያ ሐሳብ ግድቡን በራሷ ስም አሠርታ የተጠራቀመውን ውኃ ለሱዳን በዋጋ መስጠት ነበር፤ እንግሊዞች የሚሹት ኮንሴሲዮን ቢሰጣቸው ግን የጣና አፍ ቁልፍ በካርቱም እጅ ይሆን ነበር። የውኃው ብዛት በሁለቱም መንገድ አንድ ሲሆን፣ ልዩነቱ ትርፉ ከየትኛው መዝገብ እንደሚገባና ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ነው።

ይህ በሚነገርበት ጊዜ፣ በሚያዝያ 29 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ ስለ ሱዳን ሆና ከግብፅ ጋር የውኃ ስምምነት አደረገች። በዚህም ለግብፅ በዓመት 48 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የተመደበ ሲሆን፣ ከቁጥሩ የበለጠ ክብደት ያለው ግን የወራቱ አከፋፈል ነው፤ ከጥምቀት ዕለት ከጥር 11 ቀን ጀምሮ እስከ ሐምሌ 8 ቀን ድረስ የሚወርደው የተፈጥሮ ፈሳሽ ሁሉ ለግብፅ እንዲጠበቅ ተደነገገ። ስለዚህ ሱዳን በበጋ የምትጠጣው ከሙላት ጊዜ ያጠራቀመችውን ብቻ ሆነ። የጣና አንድ ሜትር ከሱዳን የዓመት ድርሻ ከሦስት አራተኛው ጋር የሚተካከል መሆኑን ያስተዋለ፣ ለዚህ ማጠራቀሚያ ምን ያህል ኪራይ ሊጠየቅበት ይቻል እንደ ነበር ይረዳል።

አልጋ ወራሹ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ የአሜሪካው ኩባንያ መሐንዲሶች ሐይቁንና መንገዱን መረመሩ፤ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ጉባኤ ተደረገ። በዚያ ክርክር ውስጥ ከግድቡ ይልቅ ያስቸገረው የመንገዱ ነገር ነው። ሲሚንቶውና ብረቱ ከሱዳን በመተማ በኩል ቢመጣ ወጪው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ያ መንገድ ሥራው ካለቀም በኋላ የበጌምድርንና የጎጃምን ቡናና ቆዳ፣ ሰሙንና ማሩን ይዞ ወደ ካርቱም ይወርዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን መንገዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም እንዲያልፍ ይሹ ነበር፤ ጎጃም ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. እስኪሻሩ ድረስ በራሱ ባላባት የሚተዳደር ግዛት ነበረና፣ መንገዱ ለንግድ እንደሚያስፈልግ ለመንግሥት አንድነትም ያስፈልግ ነበር።

ነገሩ እየተጓተተ ሳለ የዓለም ገበያ ወደቀ። የጥጥ ዋጋ ከመውረዱም በላይ በገዚራ የተነሣው የጥጥ በሽታ ምርቱን ስላጠፋው፣ ሱዳን ዕዳዋን ለመክፈል የምትጨነቅ እንጂ አዲስ ውኃ የምትከራይ አልሆነችም። ግብፅም በበኩሏ አስዋንን ለሁለተኛ ጊዜ አስረዘመች፤ በካርቱም ደቡብ በነጭ ዓባይ ላይም የጀበል አውሊያን ግድብ አሠራች። በመጨረሻም በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተጻፈው ሁሉ በየመዝገብ ቤቱ ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ ግን የማጠራቀሚያ ዋጋ የሚቆረጥበት አብነት በዚያው በናይል ተፋሰስ ታየ። በ1941 ዓ.ም. ግብፅና እንግሊዝ በኡጋንዳ የኦወን ፏፏቴ ግድብ እንዲሠራ ተስማምተው፣ ግብፅ የቪክቶሪያ ሐይቅ ውኃ እንዲጠራቀምላት ከግንባታው ወጪ ለመካፈል ተቀበለች፤ ውኃው ለእርስዋ ሲባል ሲያዝ ለሚጎድለው የኤሌክትሪክ ኃይልም 980,000 ፓውንድ ለኡጋንዳ የመብራት ቦርድ ለመክፈል ተዋዋለች። ስለ ጣና አይቻልም የተባለው፣ ስለ ቪክቶሪያ ተቻለ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በኡጋንዳ ኪራይ ተቀባዩ የእንግሊዝ ግዛት ነበረ።

በጥቅምት 28 ቀን 1952 ዓ.ም. ግብፅና ነጻይቱ ሱዳን የአስዋንን ታላቅ ግድብ ለመሥራት አዲስ ስምምነት ሲፈራረሙ፣ በዓመት ይወርዳል ያሉትን 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንዲህ ተካፈሉት፤ 55.5 ቢሊዮን ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን፣ 10 ቢሊዮን ደግሞ ለትነት። በግድቡ ውኃ ስለ ሰመጠችው ስለ ሱዳን ከተማ ስለ ዋዲ ሐልፋም 15 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ ካሣ ተቆረጠ። በአስዋን ከሚደርሰው ውኃ ከአምስት አራት እጅ በላይ ከተራሮቿ የሚወርደው ኢትዮጵያ፣ የውኃ መብቷን እንደማትለቅ አስቀድማ ብታስታውቅም፣ ወደ ድርድሩ አልተጠራችም። ለፀሐይ የተመደበው ድርሻ ከሱዳን ድርሻ እኩሌታ የሚበልጥ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ የተመደበው ባዶ ነበር። ውኃውን በደጋ ማኖር የሚያድነው ሀብት ለሦስቱም ሕዝብ ሊተርፍ ይችል እንደ ነበር የዱፑይ ዘመን መሐንዲሶች ያውቁት ነበር፤ ነገር ግን ግብፅ ጎተራዋ በሌላ አገር ወሰን ውስጥ እንዲሆን አልወደደችም፤ የ1917ቱን ማስጠንቀቂያ የሚያስታውስ ሰው ይህን ፍርሃት ከንቱ ነው ሊለው አይችልም።

ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ የመሬት ማልማት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የዓባይን ሸለቆ መርምረው 17 መጽሐፍ የሚሆን ሪፖርት አቀረቡ፤ በካራዶቢ፣ በማቢል፣ በመንዳያና በሱዳን ድንበር አጠገብ አራት ታላላቅ ግድቦች ሊሠሩ እንደሚችሉም አመለከቱ። የሚያስገርመው፣ ይኸው መሥሪያ ቤት በሀገሩ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የግራንድ ኩሊ ግድብ ባለቤት መሆኑ ነው። ስለዚሁ ወንዝ በጥር 9 ቀን 1953 ዓ.ም. በተፈረመውና በ1957 ዓ.ም. በጸናው ውል፣ በወንዙ ራስጌ ያለችው ካናዳ ሦስት የማጠራቀሚያ ግድቦች ልትሠራ፣ አሜሪካም ከጎርፍ ለሚጠብቃት አገልግሎት 64.4 ሚሊዮን ዶላር ልትከፍል፣ በእነዚህም ማጠራቀሚያዎች ምክንያት በአሜሪካ ግድቦች ከሚጨመረው የኤሌክትሪክ ኃይል እኩሌታው ለካናዳ ሊሆን ተስማሙ። ካናዳ የመጀመሪያውን 30 ዓመት ድርሻዋን በ254.4 ሚሊዮን ዶላር ስለ ሸጠች፣ ግድቦቹን የምትሠራበትን ገንዘብ አስቀድማ አገኘች። በዚያ ውል የተከፈለው በራስጌ የተያዘ ውኃ በግርጌ ስለሚያፈራው ጥቅም ነው። መሐንዲሶቹ ስለ ዓባይ በሚጽፉበት ወራት በሀገራቸው ይህ ሥርዓት እየተመሠረተ ነበር፤ በናይል ግን እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚከፍት አልተገኘም።

መዝገቡ ባለመከፈቱም ከሁሉ ይልቅ የተጎዳችው ሱዳን ናት። የዋዲ ሐልፋ ሰዎች በሰፈሩበት በኸሽም አል ጊርባ፣ ከተከዜ በሚወርደው በአትባራ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ፣ ከኢትዮጵያ ተራሮች ታጥቦ በመጣው ደለል በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከመያዣው እኩሌታ ያህሉን አጣ፤ የሮሴይረስና የሰናር ግድቦችም በዚሁ አፈር ተጎዱ። የጎጃም ገበሬ አፈሩን ሲያጣ የሱዳን ገበሬ ደግሞ ቦዩን በመጥረግ ይደክም ነበር፤ ለአፈሩ በራስጌ መያዝ ቢከፈል ሁለቱም ይጠቀሙ ነበር። በ1991 ዓ.ም. በዳሬሰላም የተመሠረተው የናይል ተፋሰስ ትብብር ስለ ጥቅም መጋራት መናገር የጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በኢንቴቤ የተፈረመውን ማዕቀፍ ግብፅና ሱዳን ስላልተቀበሉት ንግግሩ ወደ ኮታ ክርክር ተመለሰ። በጣና አፍ ላይ ደግሞ ነገሥታት ሠላሳ ዓመት የተከራከሩበት ሥራ፣ በ1988 ዓ.ም. በጨረጨራ በተሠራ ዝቅተኛ መከተሪያ፣ ለሀገር ውስጥ መብራት ሲባል ያለ ብዙ ወሬ ተፈጸመ።

በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. አሜሪካውያኑ ድንበር ብለው ባመለከቱት ስፍራ አካባቢ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ገንዘቡ ከውጭ ብድር ስላልተገኘለት የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከምርቱ፣ በውጭ ያለውም ኢትዮጵያዊ ቦንድ በመግዛት አዋጣ፤ ሦስቱ መንግሥታትም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በካርቱም የመርሖዎች መግለጫ ቢፈራረሙ ስለ ግድቡ ሙሌትና ስለ ድርቅ ዘመን አለቃቀቅ ሳይስማሙ ቀሩ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው፣ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

በዚህ አኳኋን፣ የውኃው ሸማቾች በኪራይ ለመያዝ እንቢ ያሉት ማጠራቀሚያ በባለቤቱ ወጪ ተሠራ። የግርጌው ሕዝብ የሚያገኘው የተስተካከለ ፈሳሽ፣ የቀነሰ ደለልና የተገታ ጎርፍ፣ እንዲሁም በድርቅ ዓመት ውኃው ቢያዝ የሚደርስበት ጉዳት፣ ዛሬም በማንኛውም ውል ላይ ዋጋ ተቆርጦለት አልተጻፈም። ካናዳና አሜሪካ ግድቡ ሳይሠራ የተዋዋሉትን፣ የዓባይ ጎረቤቶች ግድቡ ከተሠራ በኋላ መዋዋል ይችላሉ፤ የሱዳን መስኖ ለሚያገኘው የበጋ ውኃ፣ ግብፅም በክፉ ዘመን እንዲለቀቅላት ለምትፈልገው ዋስትና፣ በገንዘብ፣ በንግድ ወይም በኤሌክትሪክ ግዢ የሚመለስ ዋጋ ሊቆረጥ ይችላልና። የ1894ቱ ውል ክፍያ ሳይጽፍ መከልከልን ብቻ ስለ ጻፈ፣ የ1952ቱም ውኃውን ሰፍሮ ባለ ምንጩን ስለ ዘለለ፣ ሁለቱም ለፈራሚዎቻቸው የተመኙትን ጸጥታ አልሰጡም። ሦስተኛው ውል በሚጻፍበት ቀን መጀመሪያ መመዝገብ የሚገባው፣ ውኃውን የሚያቆየው ማን እንደ ሆነ፣ በመቆየቱ የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ፣ ከጥቅሙም ለአቆዪው ምን ያህል እንደሚመለስ ነው።